ሠላሳ አንድ ቁጥር በማን በር?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ደሴ ከተማ ሸዋ በር አካባቢ ሉባባ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሉባባ አንድ እናትና ሦስት አጎቶች አሏት። አጎቶቿ የእናቷ ወንድሞች ናቸው፤ ታላቁ እንድሪስ ልብስ ሰፊ፣ መካከለኛው ሸምሱ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ታናሹ ከማል የጭነት መኪና ሹፌር። ሦስቱም በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ሦስቱም በየሙያቸው ከእነሱ በላይ አዋቂ ያለ አይመስላቸውም፤ በዚህ የተነሳ ምሳ እንኳ ሳይጨቃጨቁ በልተው አያውቁም።

ልጅቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ ናት። የከተማው የታዳጊዎች ክለብ ውስጥ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ክለቡ አንድ የቆየ ልማድ አለው። የዓመቱን ትልቅ ውድድር ያሸነፈ ልጅ ጀርባው ላይ የነበረውን ቁጥር ፈትቶ፣ ብስክሌቱን ባዘጋጀለት ሰው የበር መጋረጃ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይሰካዋል። ያ ሰው ከልጁ ጋር ሐዋሳ ድረስ ለአገር አቀፉ ውድድር ይሄዳል። በክለቡ መኪና ውስጥ ለጠጋኝ የተያዘችው ወንበር አንዲት ብቻ ናት። ቁጥሩ ለሁለት አይቀደድም፤ አንዴ ከተሰካም አይነቀልም።

ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ለሉባባ የእሽቅድድም ብስክሌት ተገኘላት። የሰጣት የክለቡ የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው፤ ቁመቱ በር የሚያጎነብሰው ሰው ነበር። ብስክሌቱ ሲበዛ ያምራል፣ ሲበዛም ትልቅ ነው። ሉባባ ኮርቻው ላይ ስትወጣ ፔዳሉን የምታገኘው በእግሯ ጣቶች ጫፍ ነው። እናቷ ዘይነባ ዙሪያውን አየችና "ምን አለበት፣ ታድግበታለች" አለች። ጫማውም፣ ዩኒፎርሙም፣ የኢድ ቀሚሱም የተገዛላት በዚሁ ቃል ነው። ቀሚስ ግን ቢሰፋ አይጥልም። ደግሞም በአሥር ቀን ውስጥ ምን ያህል ይታደጋል?

መጀመሪያ እጁን ያስገባው እንድሪስ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራው አራት ጣት ማጠፊያ ሳይተው የሰፋው የልጅ ልብስ የለም፤ የሰፈሩ እናቶች "ታድግበታለች" ማለትን የተማሩት ከእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እግሯን፣ ክንዷን፣ ጀርባዋን ለካ። ብስክሌቱንም እንደ ሰው ለካው። ከዚያ ኮርቻውን የተሸከመውን ብረት አውጥቶ በኖራ ምልክት አደረገበትና፣ ማንንም ሳያማክር በመጋዝ ቆረጠው። የመሪውንም ረጅም አንገት አስወልቆ በአጭር አስቀየረ። ዘይነባ ስትደርስ ሥራው አልቋል። ጨርቅ ቢሆን ይተረተር ነበር፣ ይህ ግን ብረት ነው። ለከርሞ ልጅቱ ስታድግ ምን ልትነዳ ነው ብላ ጮኸችበት።

"ለከርሞ ከርሞ ይታሰባል" አላት እንድሪስ። "የምትወዳደረው ዘንድሮ ነው።"

ሉባባ ወጣችበት። እግሯ፣ ወገቧ፣ እጇ ሁሉ ቦታ ቦታውን አገኘ። ከዚያ በፊት ብስክሌት ላይ መቀመጥ እንዲህ ሊመች እንደሚችል አታውቅም ነበር፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

በስድስተኛው ቀን ሸምሱ ተነሳ። ለታዳጊዎች የወጣውን ደንብ ከሦስቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ደንቡ የልጆች ጉልበት በከባድ ማርሽ እንዳይጎዳ የወጣ ነው፤ ብስክሌቱ በከባዱ ማርሽ ላይ ሆኖ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር፣ መሬት ላይ ከተሰመረው ልክ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። ሸምሱ ካቴናው ማርሹን ወደምታከብደው ወደ ትንሿ ጥርስ እንዳይወርድ የማገጃዋን ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። ልጅ ናት፣ ነገ ትፈታዋለች ብሎ ሰጋና የብሎኗን ራስ በሞረድ በልቶ አለሰለሰው። ከእንግዲህ የሚይዛት መፍቻ የለም።

ሉባባ በማግስቱ ሜዳ ላይ ስትሞክረው እግሯ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ጓደኞቿ ጥለዋት ሄዱ። ንዴቷን ይዛ መጣች።

"ጋሼ ሸምሱ፣ እኔን እኮ ነው ያሰሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልለካም፣ ሁሉም በከባዱ ነው የሚነዳው።"

"ዘንድሮ ቢለኩስ?" አላት፣ ቀና ሳይል።

ሁለት ቀን ሲቀር ከማል ከጅቡቲ ገባ። እሱ ለኮርቻውም ለማርሹም ግድ አልነበረውም። ጎማውን በጣቱ ጫን አደረገ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገ። ውድድሩ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ ነው። በዚያ ቁልቁለት ከማል ስንት ጊዜ ተሳቢ ይዞ እንደወረደ ራሱም አያውቀውም፤ ጉም ሲወርድ የትኛው ኩርባ እንደሚያንሸራትት ግን አሳምሮ ያውቃል። የፍሬኑን ላስቲክ በአዲስ ቀየረ። ቀጫጭኖቹን ጎማዎች አውልቆ ወፈር ያሉ፣ መሬት የሚቆነጥጡ ጎማዎች አስገባ። የወለቁትን እንዳይመልሱበት በቢላ ቆራርጦ ጣላቸው። ሸምሱ ይህን ሲያይ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። ይህን ሁሉ ክብደት ይዛ ዳገቱን እንዴት ልትወጣው ነው ብሎ ተሟገተ።

"ዳገቱን እግሯ ያወጣታል" አለ ከማል። "ቁልቁለቱን የሚያወርዳት ግን ፍሬንና ጎማ ነው።"

ሉባባ በመጋዝ ወደተቆረጠው፣ በሞረድ ወደተበላው፣ በቢላ ተቆራርጦ ወደተጣለው ተራ በተራ ተመለከተች። አንዳቸውም እሷን አልጠየቋትም። ትወዳቸዋለች፤ በዚያች ቀን ግን ሦስቱንም ልታያቸው አልፈለገችም።

የውድድሩ ጠዋት ደሴ ጉም ውስጥ ነበረች። አሥራ አራት ሴት ልጆች ተነሱ፤ የሉባባ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ከፊት ሁለት ልጆች፣ ቀጥላ ሉባባ ነበረች። ውሃ የወረደበት አንድ ኩርባ ላይ ሁለቱም ተንሸራተው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሉባባ ፍሬን ያዘች፤ ጎማው ጮኸ እንጂ አልከዳትም። ከአንደኛዋ ልጅ ጭንቅላት አንድ ክንድ ርቃ አለፈች። ልጆቹን ለክፉ አልሰጣቸውም፤ ውድድሩ ግን እዚያው አበቃላቸው።

እስክትረጋጋ ሌሎች ስድስት ቀደሟት። ከኮምቦልቻ መልስ ዳገቱ ሲጀመር ጎማዋ ከበዳት፣ ከማልን በሆዷ ረገመችው። ዳገቱ እየበረታ ሲሄድ ግን ከፊቷ ያሉት አንዳንዴ ቆመው፣ አንዳንዴ ወገባቸውን ይዘው ሲነዱ አየች። እሷ ምንም አላመማትም። እንደተቀመጠች አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ልጆች አለፈች። ከፊቷ የቀረችው ከሌላ ክለብ የመጣች ውብዓለም የምትባል ብርቱ ልጅ ብቻ ናት፤ ደሴ መግቢያ ላይ ደረሰችባት።

የመጨረሻው መንገድ ሜዳ ነው። ውብዓለም ማርሽ ቀየረችና ሄደች። ሉባባ እግሯን እንደ መኪና ብታሽከረክርም የምትጨምረው ማርሽ የላትም። ሁለተኛ ገባች። ከብስክሌቱ ሳትወርድ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ሸምሱን በዓይኗ ፈለገችው። ሸምሱ መሬት መሬት ያያል።

በዚህ መካከል ዳኞቹ አስፋልቱ ላይ በኖራ ሁለት መስመር አሰመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዘንድሮ ለኩ። የውብዓለም ብስክሌት መስመሩን በስንዝር አለፈ። የሉባባው ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ከጥቂት ውይይት በኋላ አንደኛ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነች ተባለ። ውብዓለም ፊቷን በእጇ ሸፍና ስትሄድ ሉባባ አየቻት፤ ደስታዋ በዚያው ጎደለ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

እንድሪስ ሰውነቷን የለካሁት እኔ ነኝ፣ ያ ዳገት በተቆረጠው ብረት ነው የተወጣው አለ። ሸምሱ ቀድሞ መድረስና ማሸነፍ አንድ እንዳልሆነ ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል፣ ያቺ ብሎን ባትኖር ዛሬ ፊቷን ሸፍና የምትሄደው ሉባባ ነበረች አለ።

"እኔ ባልኖር" አለ ከማል፣ "አሁን የምትጨቃጨቁት ሆስፒታል ደጅ ላይ ነበር።"

ዘይነባ ወደ ወንድሞቿ ዞረች። "አንተ የከርሞ ብስክሌቷን ቆርጠህባታል። አንተ በሰው ፊት አስለቅሰሃታል። አንተ ያን ሁሉ ዳገት ጭነት አሸክመሃታል። ምስጋናውን ስትካፈሉ ይህንንም ተካፈሉት።"

እዚህ ላይ ያሸነፈው የልጅቱ የራሷ እግር ነው የሚል ብልጥ አይጠፋም። አሰልጣኟም ይህንኑ ብሏት ነበር፤ ቁጥሩን ለራሷ ብታስቀር ግን ያቺ የጠጋኝ ወንበር ባዶዋን ትሄዳለች፣ ሉባባም ሐዋሳ ላይ ብስክሌቷን የሚያይላት ሰው አይኖራትም። ሦስት ሰው ተረባርቦ ያቆመውን ብስክሌት ባዳ እጅ ላይ መጣል አልሆነላትም።

መኪናው የሚነሳው በማግስቱ ማለዳ ነው። ከመግሪብ በፊት ሉባባ ቁጥሩንና አራት መርፌ ቁልፎች ይዛ ግቢው መካከል ቆመች። በስተቀኝ የእንድሪስ መጋረጃ፣ ራሱ የሰፋው፣ አራት ጣት ማጠፊያ ያለው። በስተግራ ግራሶ የነካው የሸምሱ መጋረጃ። ከማል በሩን ትቶ የመኪናውን መስኮት መጋረጃ ነው የመረጠው፤ መኪናው አጥሩ ሥር ቆሟል። ሦስቱም በየበራቸው የማያዩ መስለው ያዩዋታል።

እንድሪስን ብትመርጥ ሌሎቹ ሕይወትሽና ድልሽ ከምቾትሽ አነሱ ወይ ይሏታል። ሸምሱን ብትመርጥ ቦዩና ዳገቱ ተረሱ ይባላል። ከማልን ብትመርጥ መትረፍ ማሸነፍ ሆነ ወይ ተብሎ ይሳቅባታል። ሦስቱም ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም አጎቶቿ ናቸው፤ የተሰካም ቁጥር አይነቀልም።

ሉባባ የመጀመሪያውን መርፌ ቁልፍ ከፈተች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር የሚገባው ለማን ነው?