የፊተኛው ረድፍ ሽማግሌ

አንድ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጋሽ ይፍሩ ይባላሉ። ከዘራ ሳይዙና ባርኔጣ ሳያደርጉ ከቤት የማይወጡ፣ ንግግራቸው ቀጥ ያለ፣ ቁጣቸው ቅርብ፣ ሳቃቸውም ከቁጣቸው የማይርቅ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ሲሞት ልጁን ዘርትሁንን ወስደው አሳደጉ። ዘርትሁን አድጋ የልብስ ዲዛይነር ሆነች። የአገሯን ሸማ በራሷ መንገድ እየቆረጠች፣ እየሰፋች ስሟ ተሰማና ባሕር ማዶ ባለ አንድ ታላቅ ከተማ በሚደረገው የፋሽን ሳምንት ላይ ሥራሽን አሳዪ ተብላ ተጠራች።

ጥሪው ሲደርሳት፣ «ያለ መራቂ አልሄድም» አለች። እንዲህ ነው የሰው ልጅ! ጋሽ ይፍሩም ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው አብረዋት ሄዱ።

መቼም የፋሽን ሳምንት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ስለ ልብስ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። እንግዶች ግራና ቀኝ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ሞዴሎች መካከላቸው ባለው መንገድ አዲስ ልብስ ለብሰው ይመላለሳሉ። ጠቡ ታዲያ በልብሱ አይደለም፣ በወንበሩ ነው። የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ረድፍ የደረሰው ደግሞ መርዶ የተነገረው ይመስላል። ጋሽ ይፍሩ ይህን ሲሰሙ፣ «በኔ አውቶቡስ የፊት ወንበር የሚለቀቀው ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ነበር፤ እዚህ ነፍሰ ጡር አላይም» ብለው ዘርትሁንን አሳቋት።

የዘርትሁን ትርኢት የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ነበር። እስከዚያው የሌሎችን ትርኢት እየዞሩ ያዩ ጀመር። እዚያ ከተማ የምትኖር ሶስና የምትባል ያገራቸው ልጅ የዘርትሁን ትርኢት አስተባባሪ ነበረችና፣ እየመራች ትወስዳቸዋለች።

መጀመሪያ የገቡበት አዳራሽ ውስጥ ነው ጉዱ የፈላው። አንዲት ሴትዮ አርፍዳ ስትገባ ጋሽ ይፍሩ ባርኔጣቸውን አነሡና «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ይነሣል፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። እዚያ «በእግዜር» የሚል ከየት ይምጣ? ሴትዮዋ ዘወር ብላም ሳታይ አልፋ ተቀመጠች። ጋሽ ይፍሩ ደግሞ ሳይባሉ አይቀመጡም። ቆመው ቀሩ። ከኋላ ያለው ሰው ጮኸ፣ ከጎን ያለው ሳቀ፣ አንዱም ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው። ሶስና እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው፤ ጆሮዋ በእፍረት ቀልቶ ነበር።

ሲወጡም መታገሥ አልቻለችም፣ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ አገር ማንም ለማንም አይነሣም። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «እኔ ግን ለመጫንም ለመለጎምም አልመጣሁም። ልጄን ልመርቅ ነው የመጣሁት።»

ዘርትሁን ግን ፈርታ ነበር። የፈራችውም ያለ ነገር አልነበረም። አገር ቤት ያለው ስፌት ቤቷ ሥራ አጥቶ ሊዘጋ ደርሷል፤ አብረዋት የሚጠልፉት ሴቶች ወሬዋን እየጠበቁ ነው። በዚያ ከተማ ደግሞ አንዲት የመጽሔት አዘጋጅ አለች። እሷ በመጽሔቷ ሽፋን ያወጣችው ዲዛይነር በር ሁሉ ይከፈትለታል፣ ገና ትርኢቱ ሳያልቅ ተነሥታ የወጣችበት ደግሞ አበቃለት ነው የሚባለው። ይቺ ሴት የዘርትሁንን ትርኢት አያለሁ ብላለች፤ ወንበሯም ከጋሽ ይፍሩ ወንበር ቀጥሎ ነው።

«ጋሼ» አለች ዘርትሁን፣ «ለኔ ሲሉ የዚያን ቀን አይነሡ።»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ላንቺ ስል ተቸንክሬ እቀመጣለሁ» አሉ።

ሶስና ያም አልበቃትም። አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ የፊት ወንበር ካላገኘሁ አልመጣም ስላለ፣ ሽማግሌውን ወደ ኋላ እንውሰዳቸውና ለሱ እንስጠው አለች። በዚህ ጊዜ ዘርትሁን ፈርጠም አለች። «ዘፋኙ ይቅር። ያሳደገኝ ሰው የሰው ጀርባ ሲያይ አይውልም!» አለቻት።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አዘጋጇ ጥቁር መነጽሯን እንዳደረገች መጥታ ከጋሽ ይፍሩ ጎን ተቀመጠች። እሳቸውም ከወገባቸው ቀና ማለት ጀምረው ቃላቸው ትዝ ሲላቸው ከዘራቸውን ጨብጠው ተመልሰው ቁጭ አሉ።

የዘርትሁን ልብሶች መውጣት ጀመሩ። ኧረ ልብስ ይሏችኋል እሱ ነው! ነጩ ሸማ እንደ ወታደር ካፖርት ቀጥ ብሎ ተሰፍቶ፣ ጥለቱ ከትከሻ እስከ ተረከዝ ወርዶ፣ የወንዶቹ ጃኬት ደረት ላይ የቀሚስ ጥልፍ ገብቶ። ሰው ስልኩን ረሳው። አዘጋጇም መነጽሯን ከዓይኗ ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችው፤ ሶስና ጥግ ሆና ይህን ስታይ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ጋሽ ይፍሩማ ደረታቸው ተነፍቶ የኮታቸው ቁልፍ ሊበጠስ ነበር።

የመጨረሻው ልብስ የእናት የክት ልብስ ነበር፤ ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ በላዩ ጥቁር በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ። ዘርትሁን ይህን ወጣት ሴት አትለብሰውም ብላ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ የዚያው አገር ሞዴል መርጣ ነበር። አዛውንቷ በዝግታ መጡ። የመንገዱ ጫፍ ሲደርሱም፣ ፎቶ አንሺዎች በደንብ እንዲያነሷቸው ሞዴል ሁሉ እንደሚያደርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። የቆሙት ጋሽ ይፍሩ ፊት ለፊት ነበር።

እንግዲህ ይህን በጋሽ ይፍሩ ዓይን እዩት። ካባ የለበሱ አሮጊት እናት መጥተው ፊታቸው ቆመዋል። ምንም አይናገሩም። እሳቸው ደግሞ ተቀምጠዋል።

ቃላቸውን አሰቡ፣ የልጃቸውን ፊት አሰቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ኖር! ኖር እናቴ!» ብለው ተነሡ። በዚህም አላበቁም። በእጃቸው ወንበራቸውን እያሳዩ፣ «አረፍ ይበሉ፤ እርስዎ ቆመው እኔ አልቀመጥም» አሏቸው።

አዛውንቷ ቃሉ አልገባቸውም፤ እጁን ግን አዩት። ወንበሩን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ። ሳምንቱን ሙሉ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲመላለሱ የሰነበቱ ናቸው። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

ሙዚቃው ይጮኻል፣ መንገዱ ግን ባዶ ሆነ። ሰው ተንሾካሾከ። አንዱ ሳቀ። ሶስና ወደ መጋረጃው ኋላ ሮጠች፤ ሁለት ጥበቃዎች ተከተሏት። ዘርትሁን የልብስ ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሁሉንም ከመጋረጃው ኋላ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አይታለች።

«አላውቃቸውም በይ!» አለች ሶስና በአማርኛ። «ዘርዬ፣ ዝም ብለሽ አላውቃቸውም በይ። በጓሮ በር ያወጧቸዋል፣ ሰውም ይረሳዋል። ሴትዮዋ ተነሥታ ከወጣች አለቀልን!»

አንደኛው ጥበቃም ዘርትሁንን፣ «ይህ ሰው ያንቺ እንግዳ ነው ወይ?» ሲል ጠየቃት።

ዘርትሁን ስፌት ቤቷ ታያት፣ ሴቶቹ ታዩዋት። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ አጎቷን አየች። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ሳቅ መካከል ቀጥ ብለው ቆመዋል። እፍረቷ በአንዴ ጥሏት ጠፋ፤ ኩራት እንባዋን አመጣው።

«አባቴ ናቸው» አለች። «እሳቸውን የሚያወጣ ካለ ልብሶቼን አብሮ ያውጣ።» ወደ ሞዴሎቹም ዞራ፣ «ውጡ!» አለቻቸው።

በመጨረሻ ሁሉም ሞዴሎች ተሰልፈው አንድ ጊዜ ማለፋቸው የትርኢት ደንብ ነው። ከፊት የነበረችው ያገራችን ልጅ ናት። ጫፍ ደርሳ አሮጊቷ ተቀምጠው ሽማግሌው ቆመው ስታይ፣ ያሳደጋት ነገር ገፋትና ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ከኋላዋ ያሉት የባዕድ አገር ልጆች ትእዛዝ መስሏቸው እነሱም እያጎነበሱ አለፉ። አቤት! ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። አንድ ጎልማሳ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተነሣ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። እነዚያ ለወንበር ሲጣሉ የሰነበቱ ሰዎች ወንበራቸውን ረስተው ያጨበጭቡ ነበር።

ትርኢቱ ሲያልቅ አዘጋጇ ራሷ ወደ መጋረጃው ኋላ መጣች። ጋሽ ይፍሩም እዚያው ነበሩ። ሶስና እየተረጎመች ነገሩ እንዲህ ሆነ።

«የሽማግሌው መነሣት ግሩም ፈጠራ ነው። ማን አሰበው?» አለች አዘጋጇ።

«ማንም አላሰበውም» አለች ዘርትሁን። «እኛ ቤት እንዲህ ነው።»

«መልካም፤ ነገ ፎቶ አንሺዎቼን አመጣለሁ። ሽማግሌው ያንኑ ይድገሙት፣ የመጽሔቴ ሽፋን ይሆናል።»

ሶስና ሽፋን የሚለውን ስትተረጉም የዘርትሁንን ክንድ ያዝ አደረገች። ጋሽ ይፍሩ ግን ግራ ገባቸው።

«ነገም እኒያ እናት ተመልሰው ይመጣሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፤ እሳቸው አያስፈልጉም። ለፎቶው ቆንጆ የሆነች ወጣት ካባውን ትለብሳለች።»

«ታዲያ ምን ያስነሣኛል?» አሉ ጋሽ ይፍሩ። ወደ ዘርትሁን ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ዛሬ ቃሌን አፍርሼ አሳፍሬሻለሁ። ስለዚህ ተነሣ ካልሽኝ ነገ እነሣለሁ። ግን እወቂው፣ ነገ የምነሣው ለሰው አይደለም።»

አዘጋጇ መልስ ትጠብቃለች። ዘርትሁንም ያ ሽፋን ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉም ሰው በላይ ታውቃለች።

«ይቅርብን ጋሼ» አለች። «አላሳፈሩኝም። እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።»

ሽፋኑ ለሌላ ሰው ሆነ። ይህን አልደብቃችሁም። ያን ቀን ከቆሙት መካከል ግን የትንንሽ ሱቅ ባለቤቶች ነበሩበትና እየመጡ ልብስ አዘዙ፤ ስፌት ቤቱም አልተዘጋም። ዘርትሁን ዛሬም በስፌት ቤቷ ሽማግሌ ሲገባ መርፌዋን አስቀምጣ ብድግ ትላለች።

ወገኖቼ፣ ክብር የምንቀመጥበት ወንበር ላይ የለም። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፣ የፊቱም የኋላውም። ሰው የሚከብረው ለማን እንደሚነሣ ሲያውቅ ነው። ልማዳችንንም ሰው ሲያየን ለማሳያ ካወጣነው ትርኢት ይሆናል፤ ሰው ሲስቅብን ያልተውነው እንደሆነ ግን ያኔ በእውነት የኛ ነው።

እናንተስ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢስቅባችሁ፣ የምትነሡለት ሰው አላችሁ?