የገስግስ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱም ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ላይ አቶ ይማም የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው የወባ መከላከል ሠራተኛ ስለነበሩ ከባቲ እስከ ከሚሴ በሞተር ሳይክል ያልገቡበት ቀበሌ አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ የመንግሥትን ሞተር አስረከቡና አንድ አገር ዟሪ ፈረንጅ «ከዚህ ወዲያ በአውሮፕላን ነው» ብሎ የተወውን የሩቅ መንገድ ሞተር ገዙ። በግራና በቀኙ ሣጥን አለው፣ ፊቱን መስተዋት ከነፋስ ይከልለዋል፣ መቀመጫው እንደ መደብ ሰፊ ነው። ስሙን ገስግስ አሉት። የዱሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? አገሩም እሳቸውን «አባ ገስግስ» አላቸው።

ገስግስ ግን የሜዳ ጀግና ነበር። ዳገት ላይ ከነሣጥኑ ራሱን ይሸከማል እንጂ ሁለተኛ ሰው ከኋላ ሲፈናጠጥበት ትንፋሹ ይቆረጣል። አንድ ቀን አቶ ይማም ባለቤታቸውን ወይዘሮ መዲናን አፈናጥጠው ደሴ ለሠርግ ሲሄዱ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ አቃስቶ ቆመ። ወይዘሮ መዲና ወረዱ። ባላቸውን ብቻ ተሸክሞ ሲወጣ እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ተከተሉት። በግ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሞተሩን እየሸኙት ነው?» አላቸው። በጎቹ ሳይቀሩ የሳቁባቸው መሰላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት አልተቀመጡበትም። «እግሬ መሬት ሳይነካ ሐረጎን የሚያወጣኝ ቀን እቀመጥበታለሁ» አሉ፣ አለቀ። ይህ ነገር አቶ ይማምን ውስጥ ውስጡን በላቸው። ሚስታቸውን መንገድ ላይ ያወረዱ ሰው መሆናቸው ከእንቅልፋቸው ያባንናቸው ነበር። ጉልበታቸው ደክሞ ማርሽ መቀየር ሲያቅታቸው ሦስት ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«እናታችሁን እግሯ መሬት ሳይነካ ሐረጎ አናት ላይ ላደረሰልኝ፣ ሞተሩም የእሱ፣ ስሜም የእሱ ነው» አሉ።

«ወይም የእሷ» አለች ታላቂቱ፣ ሉባባ።

«ወይም የእሷ» አሉ አባት፣ እየሳቁ።

ሉባባ መለዋወጫ ሻጭ ናት። አላህ የሰጣት ስጦታ ማስታወስ ነው፤ አንዴ ያየችውን ብረት አትረሳም። ገስግስን ፈታ አየችና፣ «ደረቱ ጠብቦ ነው። ሰፊ ሲሊንደርና ትልቅ ፒስተን ካልገባለት ዳገት አይወጣም» አለች። ሱቋን ዘግታ ፍለጋ ወጣች። ደሴ የለም፤ መርካቶ የለም፤ በሦስተኛው ወር ሚሌ ላይ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ አጠገብ፣ የአንድ ሽማግሌ መካኒክ መደርደሪያ ላይ ጽሕፈቱ የጠፋ ሣጥን አየች። ውስጡ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ፣ ነዳጅ ያልቀመሰ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ተኝቷል። ሽማግሌው ግን አልሸጥም አሉ። «ስንቱ ሞኝ ወስዶ የማይሆን ሞተር ላይ ሊሰነቅረው! የምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ዓይኔን ይሸፍኑኝና ይፈትኑኝ» አለች።

ሸፈኗት። ሰባት ፒስተን አንድ በአንድ እጇ ላይ አኖሩ። ስድስቱን የየትኛው መኪና እንደሆኑ ተናገረች። ሰባተኛውን ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችና፣ «ይሄማ የአባቴ ነው» አለች። ሽማግሌው መሐረቡን ሲፈቱላት ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ኮምቦልቻ ገባች። እንዲህ ያለች ሴት በመቶ ዓመት አንዴ ብትወለድ ነው።

ምን ዋጋ አለው፣ ሲሊንደሩ አልገባም! ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት የሞተሩ ሆድ አፉ ጠባብ ነው፣ መሰፋት አለበት። ገስግስ ያለው ደግሞ አንድ ሆድ ነው። ሲሰፋ ፀጉር ታህል ከበለጠ፣ ደኅና ሁን ገስግስ።

እዚህ ላይ መካከለኛው ልጅ እንድሪስ ተነሣ። እንድሪስ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፣ ብረት ቆራጭ፤ የእሱ ስጦታ ጣቱ ላይ ነው። ሌላው በመለኪያ የሚያገኘውን እሱ ዳስሶ ያገኘዋል። የሞተሩን ሆድ ማሽኑ ላይ አሰረና፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ቆረጠ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ማሽኑ በድንገት ሲቆም ስለቱ ብረቱ ውስጥ ተነክሶ ቀረ።

«መብራቱ ሲመጣ ትቀጥላለህ» አሉት የሥራ ጓደኞቹ።

«ማሽኑ ከቆመበት ቢነሣ ብረቱን ይቦረቡረዋል» አለና ስለቱን ቀስ ብሎ አላቆ፣ ብረቱን ፈትቶ ጭኑ ላይ አኖረው። የቀረውን ግማሽ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት በእጁ ሊጨርስ ተቀመጠ። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ጥቂት ይፍቃል፣ ይዳስሳል፣ ደግሞ ይፍቃል። በአምስተኛው ቀን የጣቶቹ ቆዳ ተልጦ መዳሰስ ሲያቅተው በከንፈሩ እየነካ ይለካ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ሲሊንደሩን በሞተሩ ሆድ አፍ ላይ አስቀመጠውና ለቀቀው፤ ማንም ሳይገፋው፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ እየተንሸራተተ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ ይህን ስሰማ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣ ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ወፍሮ የጎልማሳ ድምፅ መሰለ። ሆኖም አዲስ ፒስተንና አዲስ ሲሊንደር እስኪላመዱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በዝግታ መነዳት አለባቸው፤ ሮዳጅ ይሉታል። ከተጣደፉበት ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩን ይነክስና የሦስት ወሩም የዘጠኝ ቀኑም ልፋት ገደል ይገባል። ማን ይንዳው? ሉባባ በብረት ዕውቀት የተካነች ብትሆንም ሞተር መንዳት አትችልም፤ የእንድሪስ ጣቶች በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ናቸው። የቀረው ታናሹ ሙሄ ነው።

ሙሄ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የቦርከና ሜዳ ላይ አንድም ሰው ቀድሞት የማያውቅ፣ እናቱ የሞተሩን ድምፅ በሰሙ ቁጥር «ያ ሰላም!» እያሉ የሚጸልዩለት ልጅ ነው። የእሱ ስጦታ መንዳት ነው ቢባል ሁሉም ይስማማል፤ በዝግታ መንዳት ግን ለሙሄ ሞት ነበር። ረመዳን ነበርና ሙሄ ሁለት ጾም ጾመ፤ አንዱን ከምግብ፣ አንዱን ከፍጥነት። ከኮምቦልቻ ከሚሴ፣ ከከሚሴ ኮምቦልቻ፣ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር። ሚኒባስ ቀደመው፣ ባጃጅ ቀደመው። የዱሮ ተፎካካሪዎቹ በጎኑ ሲያልፉ፣ «ሙሄ! እንቁላል እንኳ በእግሩ አለፈህ!» እያሉ ተሳለቁበት። ጥርሱን ነክሶ መንገዱን ቀጠለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግመል የቀደመው ሰው ዞሮ ሲያየው፣ አለቀሰ ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለትን ያን ወር የተማረ አንድ ሰው ቢኖር ሙሄ ነው።

ዒዱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ መዲና ለብሰው ወጡና ገስግስ ላይ ከሙሄ ኋላ ተቀመጡ። አቶ ይማም፣ ሉባባና እንድሪስ በጎረቤት ፒካፕ ቀድመው ሐረጎ አናት ላይ ሊጠብቁ ሄዱ።

ገስግስ ዳገቱን ተያያዘው። አሥራ አንድ ዓመት ያሳፈራቸውን መታጠፊያ ሳይቃትት አለፈው። ወይዘሮ መዲና ከልጃቸው ጀርባ ሆነው እልል አሉ። አናቱ ሊደርስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው ግን ሙሄ ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማ። ትልቁ ደረት ትልቅ ሙቀት አመጣ፣ ፒስተኑ ሊነክስ ነው። ቢገፋ ምናልባት ይደርሳል፤ ምናልባትም ጎማው ተቆልፎ እናቱን ከኋላ ከሚመጣው መኪና ሥር ይጥላል። ወር ሙሉ በዝግታ ባይነዳው ፉጨቱን ከሌላው ድምፅ አይለየውም ነበር። ወደ ዳር አወጣና አጠፋው።

«እማ፣ ውረጂ፣ ይቀዝቅዝ።»

«አልወርድም።»

«ከባድ ነው፣ መቆሚያው በዳገት አይታመንም!»

«እንግዲያው ያዘው። አንዴ ወርጃለሁ፣ በቃኝ።»

ሙሄ ያን ግዙፍ ሞተር ከነእናቱ በሁለት እግሩ ደግፎ አርባ ደቂቃ ቆመ። አይሱዙዎች ጥሩምባ እየነፉ አለፏቸው። ሞተሩ ሲበርድ አስነሣና ወጡ።

አናቱ ላይ አቶ ይማም የሚስታቸውን ጫማ ገልብጠው አዩ። አቧራ የለውም። ሰው ፊት አልቅሰው የማያውቁ ሰው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ከዚያ ቁልፉን ነቅለው ያዙና፣ «እንግዲህ ለማን ልስጥ?» አሉ።

«ፒስተኑን ባላገኘው ኖሮ ምን ትገጥሙ ነበር?» አለች ሉባባ።

«ያልገባ ፒስተን ያው ብረት ነው» አለ እንድሪስ፣ በጣቶቹ ላይ ገና ያልዳነውን ቁስል እያሳየ።

«እናንተ ሞተር ሠራችሁ፤ እኔ እማን አደረስኩ» አለ ሙሄ፣ መሬት ላይ እንደተዘረረ።

የፒካፑ ባለቤት ነገሩን ሊያቀል፣ «መቼም ሴት አባ ተብላ አታውቅም፣ ከሁለቱ ነው» ሲል ሉባባ ዓይኗን አፈጠጠችበት፣ ሰውዬው ወደ መሪው ተመለሰ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ መዲና የቀሚሳቸውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ባታቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቃጠሎ አለ። አርባውን ደቂቃ እግራቸው ከጋለው የጭስ ማውጫ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ሙሄ ውረጂ ሲላቸውም፣ ከዚያ በኋላም ስለ ቃጠሎው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«አንቺ ፈለግሽ፣ አንተ ቆረጥክ፣ አንተ ያዝክ» አሉ። «መሬት ያልነካው ግን የእኔ እግር ነው። ቁልፉን ለእኔ ስጡኝ፤ የሚነዳልኝ አላጣም።»

አቶ ይማም ቁልፉን እንደያዙ አራቱንም በየተራ ያያሉ። እኔ ለማንም አላዳላም፤ አራቱንም እወዳቸዋለሁ። ባገኘች፣ በቆረጠ፣ በታገሠ፣ ባልወረደች መካከል ፍረዱ ብትባሉ፣ ገስግስና ስሙ ለማን ይገባሉ?