ወፏ የዋጠችው ቃል

አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ በሬ ላለመክፈል ብሎ አገር የከሰረ።

ልጄ፣ ለመንደሩ የምታረቅቁትን ደንብ ይዘህ መጥተህ ጠየቅኸኝ። «ጸሎት ቤት ያቃጠለ ይቀጣ፤ ያፈረሰም ይቀጣ። የዛተውን ግን ለምን እንቀጣለን? አፍ ቤት አያቃጥልም። ደግሞስ አምላክ የገዛ ቤቱን መጠበቅ ያቅተዋል?» አልኸኝ። መልሴ ይህ ሰው ነው። ቁጭ በልና ስማኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበር፤ ሀብታም ገበሬ። ገበየሁ ይባላል። የሚኖርበት አገር ከላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከታች መስጊድ ያለበት፣ በመካከሉ ገበያ የሚቆም አገር ነው። እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቷል፣ ተዋልዷል፤ ሲሞት አብሮ ይቀብራል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲከደን ማገሩን በትከሻቸው ያወጡት የታችኞቹ ናቸው። መስጊዱ ሲሠራ ደግሞ ምሰሶውን ከገዛ ደኑ ቆርጦ የሰጠ ይኸው ገበየሁ ነው፤ ሃያ አራት ጽድ፣ የአንዱንም ዋጋ ሳይቀበል። የመስጊዱ ጠባቂ ሸህ ሙሄ የልብ ወዳጁ ነበሩ።

የዚያ አገር አባቶች አንድ ደንብ ትተው አልፈዋል። በጸሎት ቤት ላይ የዛተ፣ የላይኛውም ይሁን የታችኛው፣ አንድ በሬ ይከፍላል። ዛቻውን ሰምቶ የደበቀም እንደዚያው። በሬው አይታረድም፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላምና። ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ በዋጋው ማር ይገዛል፤ ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ይሆናል። ብርዝ አያሰክርም፤ ቄሱም ሸሁም ይጠጡታል። ሁሉም ከአንድ ገንቦ ሲጠጣ መጀመሪያ የሚቀዳው ለዛተው ሰው ነው። ጠጥቶ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሳበት ሰው ራሱ ይቀጣል።

ገበየሁ ልጅ አልወለደም። የሞተ ወንድሙን ልጅ ሞላልኝን አሳድጎ፣ አጋብቶ፣ ጎጆ አውጥቶታል። ሞላልኝ ጉልበታም ነው፤ ሥራ አይጠላም። ሰው ሲስቅበት ግን አይችልም።

አንድ ቀን የሞላልኝ ወይፈን የመስጊዱን መቃብር አጥር ጥሶ ገብቶ ሣር ሲግጥ ተያዘ። ሸህ ሙሄ ወይፈኑን አስረው ባለቤቱን አስጠሩ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሣ አልተጠየቀም፤ ወይፈኑን ወሰደ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና ወይፈኑን እየጎተተ ሲያልፍ አንድ ቀልደኛ ጮኸበት፦

«ሞላልኝ! ወይፈንህ ሰለመ አሉ! እስቲ ስሙን ማን አላችሁት?»

ገበያው ሳቀ። የላይኛውም ሳቀ፣ የታችኛውም ሳቀ። ሞላልኝ ግን የሰማው የታችኞቹን ሳቅ ብቻ ነበር።

በዚያው ዕለት ጠላ ቤት ገብቶ፣ «ያችን መስጊድ አንድ ቀን አመድ ባላደርጋት የአባቴ ልጅ አይደለሁም» አለ።

«ኧረ አንተ! አፍህን ተጉመጥመጥ!» አለችው ጠላ ሻጯ።

«አንቺ ደግሞ ቅጂ።»

ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰው ለቀትር ሶላት እንደ ቆመ፣ በመስጊዱ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ወረደ። ሁለት ቆርቆሮ ተቀደደ። ወርዋሪው በበቆሎው ውስጥ ሮጦ ጠፋ።

አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። አንተ አልደረስህበትምና ልንገርህ። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሦስት የታመኑ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ወፍ ይባላሉ። ሦስቱ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ያየ የሰማ ሁሉ ተራው ሲደርስ ወደ አንዱ ቀርቦ በጆሮው ይናገራል። በመጨረሻ ተነስተው «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ጥፋተኛውን በስሙ ይጠሩታል። ማን እንደነገራቸው ግን አንገታቸው ቢቆረጥ አይናገሩም። ደካማው በኃይለኛው ላይ፣ ሚስት በባሏ ወንድም ላይ እውነቱን የምትናገረው በዚህ ነበር።

ወፍ ሲመረጥ የገበየሁን ስም ያነሱት ሸህ ሙሄ ራሳቸው ናቸው።

«አያ ገበየሁ ይሁን» አሉ። «በእህል ስፍር ይጨቀጭቀናል እንጂ በቃል አይሰርቀንም።»

ሕዝቡ ሳቀና ተስማማ። ገበየሁም ኮርቶ ተቀመጠ። ሰው እየመጣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ሲያልፍ ከቆየ በኋላ ጠላ ሻጯ ወደ እሱ ተላከች። ጎንበስ አለች።

«አያ ገበየሁ፣ ለአንተ መንገሩ ይከብደኛል። ግን ወፍ አንተ ነህ፤ ወዴት እሄዳለሁ? የወንድምህ ልጅ ነው። ሲዝት በጆሮዬ ሰምቸዋለሁ። ያን ቀንም ከበቆሎው ሲወጣ አይቸዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚመጣው ሰው የሚለውን አልሰማም። ያሰላ ነበር። ሞላልኝ ያለው ያ ወይፈን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሬው የሚሄደው ከእኔ በረት ነው አለ በልቡ። ዳልቻው በሬዬ ነው የሚሄደው። በሬውስ ይሂድ፤ የወንድሜ ስም በሜዳ ላይ ሲጠራ ማን ይችለዋል? በገበያ ሳቁበት ብሎ ያበደ ልጅ፣ አገር ፊት ቆሞ ጥፋተኛ ሲባል አገር ጥሎ ቢሄድብኝስ? ሁለት ቆርቆሮ ምን አላት? እኔው በጓሮ በኩል እተካዋለሁ። ልጁም ይበርድለታል። እንዲህ እያለ ሲደምር ሲቀንስ ሒሳቡ ሁሉ ወደ ዝምታ ወጣለት። ለልጁ ብሎ እንደሆነም ራሱን አሳመነ።

ወፎቹ ተጠሩ። የመጀመሪያው «ወፍ አላለፈችም» አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ገበየሁ ተነሳ፤ መሬት መሬት እያየ፣

«በእኔም በኩል ወፍ አላለፈችም» አለ።

ከሴቶቹ መካከል ጠላ ሻጯ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ጥፋተኛ ካልተገኘ ጉዳቱ ለመንደሩ ሁሉ ይደለደላል፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ የታችኞቹም ለተቀደደው የገዛ ጣሪያቸው ድርሻቸውን ከፈሉ። ማንም አላጉረመረመም። ሸህ ሙሄ ከፍለው ሲመለሱ የገበየሁን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «ወፎቻችን አርጅተዋል መሰል፣ ጆሯቸው ደክሟል» ብለው ቀለዱ። አብሯቸው ሳቀ።

ሞላልኝንም ጥፋቱን ጠርቶ አልገሠጸውም። በረት አጠገብ አግኝቶት፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» አለው፤ ይህችን ብቻ። ሞላልኝ ምን እንደሰማ ታውቃለህ? «አባባ አውቆ ዝም አለ። ልቡ ከእኔ ጋር ነው ማለት ነው።» ይህን የሰማው ከአባባው ዝምታ ነው። ዝምታን ሁሉም ሰው ለራሱ በሚጥመው ይተረጉመዋል።

መከሩ ከገባ በኋላ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ሰው ሁሉ ገበያ እንደ ዋለ፣ ሞላልኝ የመቃብሩን አጥር ለኮሰው። ኋላ ፍርድ ቤት ሲጠየቅ «አጥሩን ብቻ ነበር ያሰብኩት» አለ። እኔ አምነዋለሁ። ነፋሱ ግን ምን እንዳሰበ አልጠየቀውም። እሳቱ ከአጥሩ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ግድግዳው ወጣ። ጽድ ደግሞ ቅባት አለው፤ እንደ ጧፍ ይነዳል። ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ ሮጠ። ቄሱ ጥምጥማቸው ወድቆ አፈር በእጃቸው እየዛቁ ሲበትኑ የታዩት ያን ዕለት ነው። አልተረፈም። ሸህ ሙሄ ከአያታቸው የወረሷቸውን፣ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች ላውጣ ብለው ገቡ። ሰዎች እግራቸውን ይዘው ጎትተው ሲያወጧቸው በደረታቸው ያቀፉት ሁለት ብቻ ነበር። ጭሱ ግን ከሳንባቸው አልወጣም።

ፖሊስ መጣ። ክስ ተመሠረተ። ጠላ ሻጯ ምስክር ሆና ቆማ የሰማችውን ተናገረች።

ዳኛው፣ «ይህን ሁሉ እያወቅሽ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አሏት።

«ዝም አላልኩም፣ ጌታዬ። ለወፍ ነግሬ ነበር።»

«ወፍ ማለት ማን ነው?»

በዚያ አገር ለየትኛው ወፍ እንደነገረ በአደባባይ የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሴትዮዋ ግን እጇን አንስታ፣ ከችሎቱ ወንበር በአንዱ የተቀመጠውን ገበየሁን አሳየች። እሱም አልካደም።

ሞላልኝ ብዙ ዓመት ተፈረደበት። ገበየሁ ከፍርዱ ማግስት ጀምሮ ደኑ ገብቶ ጽድ ቆረጠ፤ ከድሮው የተሻለ፣ ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጦ። የላይኛውን ጎረምሳ አሸክሞ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ። ሸህ ሙሄ በምርኩዝ ተደግፈው ከአመዱ ፊት ቆመው ጠበቁት።

«አያ ገበየሁ፣ እንጨቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ልጆቹ ይግቡ፣ ውሃ ይጠጡ። እንጨቱ ይመለስ።»

«ሸሁ፣ ምን አደረግሁ እኔ? እጄ ክብሪት አልያዘ!»

«አልያዘም። ያቃጠለውን ይቅር ብየዋለሁ፤ አላህ ያውቃል። አንተንም ይቅር ልልህ እታገላለሁ።» ሳል ያዛቸው። «ነገር ግን ከዚህ ምሰሶ ሥር ቆሜ ስሰግድ ልቤ አንተን ይከሳል። ጸሎቴን ያበላሽብኛል። ውሰደው፣ ወንድሜ።»

ጎረምሶቹ እንጨቱን ዳገት ለዳገት መልሰው መሸከም አልፈለጉም፤ መንገድ ዳር ጣሉት። ምስጥ በላው። የታችኞቹ ምሰሶ ከሩቅ ከተማ ገዝተው አመጡ። ለተሸካሚው ሁሉ ዋጋ ከፈሉ። የአገሩ ሰው ለጸሎት ቤት ሸክም ዋጋ ሲከፈል መጀመሪያ ያየው ያኔ ነው።

ሸህ ሙሄ ክረምቱን አልጨረሱም። ሲቀበሩ የላይኞቹ መጡ፤ ግን ራቅ ብለው ቆሙ፤ ማንም ሳያዛቸው። አፈር አልብሱ ብሎ የጠራቸውም አልነበረም። ገበየሁ ከሁሉም ርቆ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አለቀሰ። ወዳጁን የቀበሩለት ሌሎች ናቸው።

ስንቅ ይዞ ሞላልኝን ሊጠይቅ ወህኒ ቤት ሄደ። ልጁ ከስቷል፤ ጸጉሩ ተላጭቷል። ስለ እርሻው፣ ስለ ወይፈኑ ጠየቀው።

«አባባ» አለ ሞላልኝ በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ስሜን ብትጠራው ኖሮ አኮርፍህ ነበር። አንድ ወር፣ ምናልባት ሁለት ወር ቤትህን አልረግጥም ነበር። ብርዙን ግን እጠጣው ነበር።»

ጠባቂው ሰዓት ደረሰ ሲለው ገበየሁ ባዶ አገልግሉን ይዞ ወጣ።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄህ። አምላክ ቤቱን መጠበቅ ያቅተዋል ወይ አልኸኝ። አምላክማ ያን ዕለት ቤት አላጣም፤ ሰማዩ እንዳለ ነው። ሜዳ ላይ የቀሩት ሰዎቹ ናቸው። አፍ ቤት አያቃጥልም አልህ፤ እውነት ነው። ለዚህም ነው አባቶች በአፉ እያለ የያዙት። የሚዝት ሰው ገና ደጅህ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ጠርተህ ታስገባዋለህ፣ ከገንቦህ ታጠጣዋለህ። ካቃጠለ በኋላ የሚጠራው ፖሊስ ነው። በሬ የጠየቁት በሬ አጥተው አልነበረም፤ ሰውየውን እንዳያጡት ነው። አንተም ዛሬ «አፍ ብቻ ነው» ስትል፣ ያ ሰው «ሁለት ቆርቆሮ ምን አላት» እንዳለው ማለትህ ነው። አንተ ክፉ እንዳልሆንህ ሁሉ እሱም ክፉ ሰው አልነበረም።

ሒሳቡን ልዝጋልህ። የሰውየው ትርፍ አንድ ዳልቻ በሬ ነው፤ ጥቂት ዓመት አርሶለት አረጀ። ኪሳራው መስጊዱ፣ ሸህ ሙሄና ሞላልኝ ናቸው፤ እነዚህን ሁሉም ሰው ይቆጥራል። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምቆጥረው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያም አገር፣ ወሬው በደረሰበት በእኛም አገር፣ አውጫጭኝ ተጠርቷል፤ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቷል፤ ወፍ ሁኑ የተባሉትም በቦታቸው ተቀምጠዋል። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ዛሬ በወረቀት ደንብ መጻፍ ያስፈለጋችሁ ስለዚህ ነው። ጻፉት፤ የዛተውንም፣ ሰምቶ የደበቀውንም ሳታስቀሩ ጻፉ። ቆርቆሮውማ ተተክቷል። የታመነ ጆሮ ግን በየትኛው ገበያ እንደሚሸጥ እስካሁን የነገረኝ የለም።