የአባቱን ስም የጣለው ድምፅ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! እንዲያ ነው።

ድሮ፣ ስልክ ሁሉን ነገር ሳይውጠው በፊት፣ ደሴ ላይ ዳንቴል የለበሰ አንድ ኮምፒውተር ነበር። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አይ ያ ጊዜ! ጩኸቱ ራሱ ይናፍቀኛል።

በሆዱ ውስጥ ፋይሎች ይኖሩ ነበር። እንደኛው ስምና የአባት ስም አላቸው፤ በመሃል ነጥብ ትቀመጣለች። ፊደል የያዘው የጽሑፍ ልጅ ነው፣ መልክ የያዘው የፎቶ ልጅ፣ ቁጥር የደረደረው የሠንጠረዥ ልጅ፣ ንግግርና ዜማ የያዘው የድምፅ ልጅ። በር የሚከፍቱ ዘበኞችም አሉ፤ እያንዳንዱ ዘበኛ የአባት ስም አይቶ የራሱን ወገን ብቻ ያስገባል።

ከነዚህ መሃል ምርቃት የሚባል የድምፅ ልጅ ነበር። የሟቹ የጋሽ ላቀው ድምፅ የቀረው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ በየበዓሉ መጥተው ፎቷቸውን ያያሉ፣ ደብዳቤያቸውን ያነባሉ። ድምፁን ግን አይነኩም፤ አንጀታቸው አይችልማ!

ምርቃት ይህን አላወቀም። በእንቁጣጣሽ ጠበቀ፣ አልጠሩትም። በገና ጠበቀ፣ አልጠሩትም። በፋሲካ ጠበቀ፣ አልጠሩትም።

«እንግዲህ የፎቶ ልጅ እባላለሁ!» አለ።

«ተው ልጄ፣ ስም ቢለውጡት ሆድ አይለወጥም» አለችው ማራገቢያው ሥር የምትኖር አሮጊት ሸረሪት። ማን ይስማት? የአባቱን ስም ጥሎ የፎቶን ለጠፈ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ማጣጣር ጀመረ። ወይዘሮ ስንዱ ዳንቴሉን ገልጠው ተቀመጡ።

«ላቀዬ፣ ይሄ ዕቃ ድምፅህን ይዞብኝ ሳይሞት፣ ዛሬስ ልስማህ» አሉ።

ከድምፆች መሃል ፈለጉት፤ የለም። ከፎቶዎች መሃል አገኙት። ሲጫኑት የፎቶ ዘበኛ «መልክ የለህም፣ አላውቅህም!» ብሎ በሩን ዘጋ።

«ወይኔ፣ ተበላሽቷል» ብለው ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወሩት። ኮምፒውተሩም «ለዘለዓለም ይጥፋ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አዎ»ን ሊጫኑ ጣታቸውን አነሡ።

«አባትህን ጥራ!» ብላ ጮኸች ሸረሪት።

«አፍራለሁ!»

«ከምትጠፋ እፈር! ጥራ!»

«የድምፅ ልጅ ነኝ!» አለ እያለቀሰ፤ የአባቱንም ስም መለሰ። ስንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው የድምፅ ዘበኛ በሩጫ መጥቶ በሩን በረገደው፤ የጋሽ ላቀው ድምፅም ተሰማ።

«ስንድዬ፣ እየቀዳ ነው ይሄ ነገር? በይ እንግዲህ፣ ከኔ በኋላም ቤትሽ ሰው አይጣ።»

ወይዘሮ ስንዱ ዳንቴሉን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «አሜን» አሉ፤ ደግመው አስከፍተው «አሜን»፤ ሦስተኛም «አሜን»።

«ለካ ስለሚሳሱልኝ ነው ያልጠሩኝ!» አለ ምርቃት።

ኮምፒውተሩ በዚያው ሳምንት ሞተ፤ ምርቃት ግን ከነአባቱ ስም በፍላሽ ወጥቶ ዛሬም አለ።

ያልጠሩት ሁሉ የተጠላ አይደለም፤ የአባቱን ስም የጣለ ግን ቢፈልጉትም አይገኝ። ተረቴን ውሰዱና «አሜን» መልሱልኝ።