ውሃ የሌለው ገንዳ

አቶ ደጀኔ፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ የደብራችን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነዎት፤ የጠየቁኝም ከባድ የሕንፃ ጥያቄ ነው። እኔ ስለ ሕንፃ የማውቀው ዝናብ ሲመጣ መግባትን ብቻ ነው። ለተከበረ ጥያቄ ተረት መመለስ ነውር እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ ያውም የሌላ ሃይማኖት፣ ያውም የሩቅ አገር ተረት። ምን ላድርግ? ሦስት ዓመት ተቆፍሮ በቆየው የመሠረት ጉድጓድ አፋፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው የሚያወሩትን ጎረምሶች «ተነሡ ከዚህ፣ ሥራ የላችሁም እንዴ?» ብለው ካባረሩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣ «የኔታ፣ ሁለገብ ሕንፃው ውስጥ ጂምና የጠረጴዛ ቴኒስ ብናስገባበት ወጣቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አሉኝ። ሌላ መልስ ስላጣሁ ይህንኑ ልንገርዎት። ድፍረቴን በእርጅናዬ ይያዙልኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ልብስ ሰፊ ነበረ፤ አይሁዳዊ ነበረ፤ በመርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ የገባ ነበረ። የተሳፈረ ዕለት አባቱ እስከ ወደቡ ሸኘው። አባትየው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በክንዱ ለክቶ ሲሸጥ ሁልጊዜ አንድ ጣት የሚጨምር፣ በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው። «ስሞት አትደርስም፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለው። «ብቻ በዓመት አንድ ቀን ቆመህ ጸልይልኝ።» እንዳለውም ሆነ። አባት ሞተ፤ መርዶው ከሁለት ወር በኋላ በፖስታ ደረሰ። ልጁ አልቀበረ፣ አፈር አላለበሰ። ለአባቱ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ይህቺ በዓመት አንዴ የምትመጣ ቀን ብቻ ሆነች።

በአይሁድ ሥርዓት ግን የሙት ጸሎት ለብቻ አይጸለይም። አሥር ወንድ መቆም አለበት። ዘጠኝ ቢሆኑ፣ ዘጠኙም ጻድቃን ቢሆኑ፣ አይሆንም።

የሚጸልይበትን ምኩራብ ነገር ትንሽ ማውራት አለብኝ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ነው፤ ወይም የተስተካከለው። የቱ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ምኩራቡ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ሲሠሩት አንድ ክፍል ነበር። ይጸለይበታል፣ በቃ። ልጆቻቸው አደጉና እንግሊዝኛ ተናገሩ፣ ኳስ መቱ፣ ጸሎት ቤቱን ረሱት። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ይህ ያልደረሰበት ምኩራብ ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ኮሚቴ አቋቋሙ። ረቢው፣ መምህራቸው ማለት ነው፣ ተነሣና «ሰው ወደ ጸሎት አልመጣ ካለ፣ ሰው የሚወደውን ነገር ጸሎቱ አጠገብ እናምጣለት» አለ። አሮጌውን አፈረሱና ባለ አራት ፎቅ አቆሙ። ቤተ መጻሕፍት ገባበት፤ የድራማ መድረክ ገባበት፤ የቦክስ መለማመጃ ገባበት፤ ሠርግ የሚያበላ ወጥ ቤት ገባበት። ከምድር ቤቱ ደግሞ ትልቅ የመዋኛ ገንዳ ተቆፈረ። ጸሎት ቤትም ገባ። አልረሱትም።

ረቢው ብልህ ሰው ነበረ። ወደ ገንዳው የሚያስወርደውን የጎን በር በጡብ አስደፈነው። ከዚያ ወዲህ ሊዋኝ የመጣ ሁሉ በጸሎት ቤቱ መካከል አልፎ መውረድ ግድ ሆነበት። ሰውየው ፎጣውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጫማውን እንዳያንቋቋ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ሲያልፍ፣ ሜንድል የሚባለው የምኩራቡ ጠባቂ ክርኑን ይይዘዋል። «አንድ ጎድሎናል፤ አምስት ደቂቃ» ይለዋል። ሰውየው ይቆማል፤ አሜን ይላል፤ ይወርዳል። እንዲህ እየሆነ ለዓመታት አሥር ሞላ። የምኩራቡ ጋዜጣ ላይ «ቤታችን ሞልቷል» ተብሎ ወጣ። የቤቱ የትኛው ክፍል እንደ ሞላ አልተጻፈም።

ልብስ ሰፊውም በየዓመቱ ለአባቱ የሚጸልየው በእነዚህ ባለ ፎጣዎች እርዳታ ነበር። ደስ አይለውም፤ ግን አይከፋውም። ሊዋኝ የመጣ ሰው ያለው አሜን ሰማይ ይደርስ እንደ ሆነ አንዳንዴ ይጨነቃል፤ ከዚያ ልብስ መስፋቱ ይጠራውና ይተወዋል።

አንድ ዓመት የአባቱ ቀን ማክሰኞ ዋለ። ሱቁን ዘጋ፤ የክት ልብሱን ለበሰ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ቀኑ የሚያበቃው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ካመለጠች እስከ ዓመት የለችም። ሕንፃው ጭር ብሏል። በሩ ላይ «ገንዳው ለጽዳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ገንዳው ሲዘጋ ቦክሱም፣ ድራማውም፣ ንባቡም አብሮ ይዘጋ ኖሯል፤ ለካ ሰው ሌላውን ሁሉ የሚሠራው ፀጉሩ እስኪደርቅ ነው። ረቢው ለጉዳይ ከተማ ሄዷል፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሜንድልና ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«ከአንተ ጋር ዘጠኝ» አለው ሜንድል፣ ጥፋቱ የራሱ ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

«ከሠፈሩ አንድ ሰው አይገኝም?»

«የቱ ሠፈር? የእኛ ሰው እኮ ከተማ ዳር ቤት ገዝቶ ወጣ። በባቡር የሚመጣው ለውሃው ነው። አሁን ጎረቤቶቻችን ጣሊያኖች ናቸው። ደጎች ናቸው፤ ግን አይቆጠሩልንም።»

ልብስ ሰፊው ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። አሥራ ሁለት ሴቶች ለበዓል ዓሣ ይከትፋሉ። አለቃቸው ፍሩማ የምትባል መበለት ናት፤ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ የምታወራ ሴት።

«እዚህ ወንድ አለ?» አላት።

«ከዓሣው በቀር የለም። እሱንም አልጠየቅነውም። ምን ሆነሃል?»

ነገራት።

«ለጸሎት ሰው ጠፋ ነው የምትለኝ» አለች። «እኛ እዚህ አሥራ ሁለት ነን። ያንን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ባሌን ሸኝቼበታለሁ። ግን ሰው ጠፍቷል።»

በዚያ ዘመን ሥርዓት ሴት ከአሥሩ አትቆጠርም ነበር። ልብስ ሰፊው ይህን እንደ አየር ለምዶት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን አፍ አውጥቶ ሊያስረዳት ሲል ነገሩ ጠፋበት።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት» አለ።

«አውቃለሁ። አንተ ያልከው ነገር የለም፤ ሁልጊዜም። ይልቅ ሂድና ያንን ስልክ አንሣልን፤ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን በላው።»

ስልኩ መተላለፊያው ላይ ነበር። አነሣው።

«ሃሎ፣ ገንዳው ተከፍቷል?»

«አልተከፈተም። ግን ወንድሜ፣ ለአባቴ ጸሎት አንድ ሰው ጎድሎናል። ቢመጡልኝ…»

«ውይ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ እንኳ ሥራ በዝቶብኛል።» ዘጋው።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «ገንዳው ተከፍቷል?»

«ገና ነው። ግን አንድ ሰው…»

«ጉንፋን ይዞኛል» አለና ዘጋ። ጉንፋን የያዘው ሰው ገንዳ ምን ያደርግለታል ብሎ ልብስ ሰፊው ቆሞ አሰበ። ሦስተኛው «አንድ ሰው» የሚለውን ሲሰማ ምንም ሳይል ዘጋ። ልብስ ሰፊው በመስኮቱ አየ። ፀሐይ ከማዶ ባለው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባቱን አሰበ፤ ያችን ተጨማሪ ጣት አሰበ። እውነቱን ቢናገር ያ እውነተኛ ሰው ሳይጸለይለት ይቀራል፤ ቢዋሽ ደግሞ የሚጸለይለት ዋሽቶ ለማያውቅ ሰው በውሸት ነው። የትኛው አባቱን ማክበር እንደ ሆነ ግራ ገባው። ግራ እንደ ገባው ስልኩ ጮኸ።

«ገንዳው ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል» አለ።

«ውሃው ይሞቃል?»

«አልነካሁትም» አለ። ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች።

የጎደለው አንድ ሰው ነበር። ያ አንድ ሰው ግን ለወንድሙ ደወለ፤ ወንድሙ ለአማቹ ደወለ። ሰዓት ሳይሞላ አርባ ሦስት ወንድ ፎጣውን በብብቱ ሸጉጦ መጣ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነበበ የለም፤ ለዓመታት ሲያልፉበት የነበረ በር ላይ ማን ያነባል? ጸሎት ቤቱ ሲገቡ ሜንድል መያዝ የሚገባውን ክርን ማማረጥ አቃተው። ልብስ ሰፊው መካከል ቆሞ ጀመረ። ቦታው ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ። አርባ ሦስቱ አሜን ሲሉ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ሴቶቹም ክንዳቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደ ተጣበቀ ከበሩ ላይ ሆነው አሜን አሉ። አልተቆጠሩም፤ ግን ተሰሙ።

ፀሐይ ገና ነበረች። ጸሎቱ ደረሰ።

ባለ ፎጣዎቹ ወደ ታች ወረዱ። ልብስ ሰፊው ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠና ጩኸቱን ጠበቀ። አልተጮኸም። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ። የሚሳለቁበት መሰለው። ሳይመጡብኝ ልሂድላቸው ብሎ፣ የሚገባውን ሊቀበል ወረደ።

ገንዳው ደረቅ ነው። ነጭ ንጣፉ ያበራል፤ ከታች ያለው አንድ የጽዳት ባልዲ ብቻ ነው። ሰዎቹ ዳር ዳሩን እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ በመሰላሉ ወደ ውስጥ ወርደዋል። አንድ ወፍራም ሥጋ ሻጭ ከጥልቁ ጫፍ ቆሞ ለጎረቤቱ፣ «የዛሬ አራት ዓመት የሰመጥኩት እዚህ ነው፤ እዚሁ! አየኸው? በእግሬ ቆሜበት አላውቅም ነበር» ይለዋል። ሁለት ሰዎች ባልዲውን ገልብጠው ቼዝ ዘርግተዋል። ፍሩማ አንድ ትሪ ዓሣ ይዛ ገባች።

«ማነው ተከፍቷል ያለው?» አለ አንዱ።

«እኔ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ውሃ እኮ የለም።»

«አዎ፣ የለም።»

ሰውየው ገንዳውን አየ፤ ልብስ ሰፊውን አየ። «ተቀመጣ» አለና ትንሽ ተጠጋለት።

ልብስ ሰፊው ተቀመጠ። ቢሰድቡት ይገባው ነበር፤ ቢመቱትም ይገባው ነበር። ይህ ግን አልገባውም። ለጸሎት ብሎ ሲለምናቸው አልመጡም፤ ለውሃ መጡ። ውሃ የለም፤ አልሄዱም። ታዲያ የመጡት ለምን ነበር?

ረቢው ከተማ ውሎ ሲመለስ ድምፅ ሰምቶ ወረደ። በዚያ ሕንፃ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም።

«ጸለያችሁ?»

«ጸልየናል።»

«ዋኛችሁ?»

«በምን?»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ሥጋ ሻጩ ከጥልቁ ጫፍ ሆኖ የቆመበትን ወለል በጣቱ አሳየው።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። «መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውን በውሸት ሰበሰብኩ። የአባቴ ጸሎት ተበላሽቶ ይሆን?»

ረቢው ገንዳውን አየ። በጡብ ያስደፈነውን በርም ዘወር ብሎ አየ።

«አንተ በአንዲት ቃል አታለልካቸው» አለ። «እኔ በአራት ፎቅ። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከዚያም ጫማውን አወለቀና መሰላሉን ወረደ። «ቼዙን ማን እየረታ ነው?» አለ። የአባትየው ጸሎት ተበላሸ ወይስ አልተበላሸም የሚለው ግን ሳይመለስ ቀረ፤ ልብስ ሰፊውም ዓሣ ስለ ሰጡት ደግሞ አልጠየቀም።

እንግዲህ አቶ ደጀኔ፣ ምኩራቡ የእርስዎ ሁለገብ ሕንፃ ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ አይመስልም። የእርስዎ ገና አልተሠራም። የእርስዎ ያለው ጉድጓዱ ነው። ውሃ የለበትም፣ ጂም የለበትም፣ የጠረጴዛ ቴኒስ የለበትም። ጎረምሶቹ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በሃምሳ እርምጃ ላይ፣ በየማታው እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠውበታል። ማንም አልጠራቸውም፤ ስለዚህ መጡ። ዛሬ እንኳ እንዴት እንዲመጡ እናድርግ ብለው ሊጠይቁኝ እርስዎ ያባረሯቸው ከዚያ ነው። ጂሙን ይሥሩ አይሥሩ እኔ አላውቅም፤ ረቢውም አላወቀም። ግን ሲሚንቶው ከመምጣቱ በፊት አንድ ማታ ሄደው አጠገባቸው ይቀመጡ። ጫማዎን ማውለቅ እንኳ የለብዎትም። ጠጋ ይሉልዎታል።

ይህንንም አደራ ለማንም እንዳይናገሩ። በተለይ ለኮሚቴው። ነገሩን ከሰሙ፣ ለደረቅ ገንዳ ጨረታ ያወጣሉ።