ከጓሮ የተገኘው ጎማ

አንድ መንገድ የሚሠራ ኢንጂነር ነበር፤ አሰግድ ይባላል። በቆላ አገር ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን አስፋልት ያነጠፈው እሱ ነው። መንገዱ ሲያዩት ያምራል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ሬንጁ ይለሰልስና የከባድ መኪና ጎማ እየሰረጎደው ይሄዳል። አሰግድ ሬንጁ ያነሰው መስሎት በየዓመቱ ሲጠግነው ሬንጅ ይጨምርበታል። በጨመረ ቁጥር መንገዱ ባሰበት። አምና ምጥ የያዛት እናት የጫነ አምቡላንስ ስርጉዱ ውስጥ ተቀረቀረና ሴትዮዋ መንገድ ዳር ወለደች። በእግዜር ቸርነት ሁለቱም ተረፉ፤ አሰግድ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልዋጥልህ አለው። ቀጣዪቱ እናት ባትተርፍስ?

ከመንገዱ ዳር ጋሽ ዳምጠው የሚባሉ ጎሚስታ ነበሩ። መንገዱ ሊመረቅ በተቃረበ ሰሞን አሰግድ ደጃቸው የተከመረውን ያለቀ ጎማ አይቶ፣ «ይህን ቆሻሻ ያንሱልኝ፤ የመንገዴን መልክ አበላሸው!» ብሏቸው ነበር። ሽማግሌው ጎማውን ወደ ጓሮ አዞሩት።

ዘንድሮም አስፋልቱ ሰረጎደ። አሰግድ እላዩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲተክዝ ጋሽ ዳምጠው መጡ።

«ልጄ፣ ሬንጅህ አንዴ ከተኛ አይነሣም» አሉት። «ጎማ ግን ስትጫነው ይጎብጣል፣ ስትለቀው ይመለሳል። የቆላውንም ፀሐይ ለምዶታል። ለምን አታዋሕዳቸውም?»

አሰግድ አፈረ። «ያስነሣሁብዎትን ጎማ? ቅር አላለዎትም?»

«አንሣ አልከኝ እንጂ መቼ አቃጥል አልከኝ!» ብለው ሳቁ።

ጎማው ተፈጨ፤ እንደ ጤፍ ደቀቀ፤ ከጋለው ሬንጅ ጋር እስኪዋሐድ ተማሰለ። አሰግድ መጀመሪያ ከጎሚስታው ደጅ ፊት ለፊት መቶ እርምጃ ብቻ አነጠፈ። በጋው አለፈ፣ ከባድ መኪናው ተመላለሰ፤ መንገዱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የቀረውንም እንዲሁ ሠራው።

በቀጣዩ ግንቦት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሰግድና ጋሽ ዳምጠው ደጅ ቆመው ሳለ አንድ አምቡላንስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በፊታቸው አለፈ። አሰግድ እንባው መጣ። የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዘው ቀና አደረጉት።

«ተው ልጄ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ሲባል አልሰማህም? ድግሱ ጓሮዬ ነበር።»

ወዳጄ፣ ነገር ሲጎድልብን የምንጨምረው ያንኑ የለመድነውን ነው። የሚያጸናን ግን አንዳንዴ ከፊታችን ዞር በል ያልነው ይሆናል። እስቲ ያስቡት፤ እርስዎ ዛሬ የቆሙበትን መሬት ያጸናልዎ፣ ግን እስካሁን ያላመሰገኑት ማን ነው?