የጠፋችው ቀዳዳ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ዳር ባለ ዋሻ የሚኖር ዕድሜው የገፋ አንበሳ ወገቡን ብርድ መታው። ሣር ቢያነጥፉለት ይርሳል፤ ቅጠል ቢጎዘጉዙለት ነፋስ ይገባዋል። «እኔን የሚያሞቀኝ የጎሽ ቁርበት ብቻ ነው» አለና አንድ ማለዳ እንደ ምንም ተነሥቶ አንድ ትልቅ ጎሽ ጣለ። ጥሎ ሲያበቃም እዚያው ዋርካ ሥር ተዘርግቶ ያለከልክ ጀመር።

አራዊቱ ተሰበሰቡ። ሥጋውን ወደ ዋሻው የምታጓጉዘው እመት አህያም መጣች። አንበሳው አያትና ጮክ ብሎ ተናገረ፤ «ስሙኝ! ቁርበቴ ላይ አንዲት ቀዳዳ ካለች ብርዱ በእሷ ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳ ካገኘሁ በእመት አህያ ቆዳ አስጥፈዋለሁ።»

የአህያዋ ጆሮዎች ወደቁ። ለአንዲት ቀዳዳ ሙሉ ቆዳዋን ልታጣ ነው!

«ጌታዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቅርብ የተገኘሽው አንቺ ነሽ። እንዳትቀየሚኝ ደግሞ፣ ጎሹን የሚገፈውን አንቺው ምረጪ።»

በዚያ ጫካ ገፋፊ የሚመረጥበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። መግፈፍ የሚፈልግ ሁሉ ስለቱን ኮባ ቅጠል ላይ አኑሮ ጀርባውን ያዞራል። መራጩ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ስለቱን ብቻ አይቶ ያነሣል። የተመረጠው ገፎ ሲጨርስ ጉበቱ የእሱ ነው። ዝምድናም ፍርሃትም የማይገባበት ግሩም ሥርዓት ነው፤ ስለት ለሚያውቅ ሰው።

ያን ዕለት ቅጠሉ ላይ ሁለት ስለት ተቀመጠ። አንደኛው ክንድ የሚያህል፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጎራዴ ነው። ሁለተኛዋ ከመሳል ብዛት ያለቀች፣ ጫፏ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለች፣ እጀታዋ በጠፍር የተጠመጠመ ትንሽ ቢላዋ ናት። እመት አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት እንጂ ስለት አታውቅም። «ቆዳዬን ለዚች ጉማጅ አደራ አልሰጥም» አለችና ጎራዴውን በጥርሷ አነሣች። አትፍረዱባት፤ እኔም ብሆን ጎራዴውን ነበር የማነሣው።

«የኔ ነው! የኔ ነው!» እያለ አያ ጅቦ ዞር አለ። ምስኪኗ አህያ ግን ጎራዴውን አንዴ አንሥታለች።

አንበሳው ድካም አሸንፎት እንቅልፍ ወሰደው። አያ ጅቦ ስለ ጉበቱ እያሰበ ጎራዴውን ከፍ አድርጎ ሰነዘረ። ጎራዴው የጎሹን የውስጥ ጭን ከነሥጋው ቧ አድርጎ ከፈተው።

«ኧረ ቀደድከው!» አለች አህያ።

አያ ጅቦ የቀደደውን አየ፣ አህያዋን አየ፣ መልሶ የቀደደውን አየ። ለሱ ማሰብ ከባድ ሥራ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ግን ገባው።

«ለካስ ቢቀደድ አንቺም ትገፈፊያለሽ! የአንቺም ጉበት ለኔ ነዋ!» አለና ሁለተኛውን ምት የጎሹ ሆድ ላይ አነጣጠረ።

የትንሿ ቢላዋ ባለቤት እመት ቀበሮ ነበረች። ተንኮሏን አገር ያውቀዋል፤ ያን ቀን ግን ተንኮሏ ደግ ሥራ አገኘ።

«አያ ጅቦ፣ እንዲህ ያለ የጌታ ጎራዴ ቆዳ ላይ ሲዋረድ ማየት አላስችል አለኝ» አለች እያዘነች።

«ታዲያ ምን ላይ ይክበር?»

«አጥንት ላይ ነዋ! እነዚያን ከጉልበት በታች ያሉትን እግሮች ይዩአቸው። ቆዳቸው ለቁርበት አይሆንም፣ መቅኒያቸው ግን ጢም ያለ ነው። እኔ በዚች ጉማጅ ስታገል ብውል አልሰብራቸውም። ለእርስዎ ጎራዴ ግን ይህ ምኑ ነው?»

አያ ጅቦ ምራቁ ተዝረበረበ። አራቱንም እግሮች ቀጭ ቀጭ አድርጎ ቆረጠና እየጎተተ ከቁጥቋጦው ጀርባ ገባ። እውነቱን ለመናገር ጎራዴው ለዚያ ሥራ ግሩም ነበር።

«እትዬ ቀበሮ፣ አለቀልኝ አይደል?» አለች አህያ።

ቀበሮ ጎንበስ ብላ የተቀደደውን በጥፍሯ ለካችው። «ቆዳ ሲገፈፍ መከፈቱ አይቀርም» አለች። «እኔ ደግሞ የምከፍትበትን መንገድ በዚህ በኩል አሳልፈዋለሁ። ያን ጊዜ ቀዳዳ መሆኑ ይቀርና ጠርዝ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ያደረገችው የሚደነቅ ነው። ቢላዋዋን በመሳያ ድንጋይ ላይ እሽ እሽ አደረገቻት። ሁለት ጣቶቿን ከቆዳው ሥር ሰደደችና ቆዳውን ከሥጋው አነሣችው። ስለቱን ወደ ሰማይ አዙራ በጣቶቿ መሀል ነዳችው፤ ሥጋ አልነካ፣ አንጀት አልነካ! ከጉሮሮ እስከ ጅራት አንድ መሥመር ወጣ። እግሮቹንም በውስጥ በኩል ስትከፍት፣ ጭኑ ጋ መሥመሩን ትንሽ ጠምዘዝ አደረገችና በአያ ጅቦ ጥፋት መሀል ለመሀል አሳለፈችው። ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠችና ቆዳውን በጡጫዋ ገፋ ገፋ እያደረገች ከሥጋው አላቀቀችው። ሥጋው አልለቅ ያለበት ቦታ ብቻ በስለቷ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች። ዛፍ ላይ ሆነው ሲንጫጩ የነበሩት ጥንብ አንሳዎች እንኳ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። እንዲህ ያለ እጅ ሲያዩ ምን ይባላል? ይባረክ ነው እንጂ!

አንበሳው ነቃ። አራዊቱ ቁርበቱን በአራት ጫፉ ይዘው ወደ ፀሐይ ወጠሩለት። እሱም ከሥሩ ገብቶ አንጋጦ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፈለገ። እመት አህያም አብራው አንጋጠጠች።

«እንከን የለውም» አለ አንበሳው።

«አለው!» የሚል ጩኸት ከቁጥቋጦው ጀርባ ተሰማ። አያ ጅቦ ጢሙ በመቅኒ እንደተለቀለቀ እየሮጠ መጣ። «ቀዳዳ አለው! ጌታዬ፣ ደህና አድርገው ይዩት!»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እንዴት አላውቅ? እኔው ራሴ ቀድጄው!»

«እስቲ አሳየኝ።»

አያ ጅቦ ከቁርበቱ ሥር ገባ። አንጋጠጠ፣ ዞረ፣ አሸተተ። ቀዳዳ የለም።

«እዚህ ጋ ነበረች እኮ... ማን ወሰዳት?» አለ ግራ ገብቶት። «ጌታዬ፣ ይመኑኝ፤ በገዛ እጄ ነው የቀደድኳት! ሁለተኛዋንም ልቀድ ስል ነው እመት ቀበሮ ያቋረጠችኝ!»

አራዊቱ በሳቅ ፈረሱ። አንበሳው ግን አልሳቀም።

«ቀዳዳዋን አላገኘናትም፤ ቀዳጁን ግን አገኘነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ እኛ በልተን ሳንነሣ ግዳይ አጠገብ እንዳላይህ!»

አያ ጅቦ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ሌሎች ሲበሉ ከሩቅ እየዞረ ይጠብቃል። ጉበቱን እመት ቀበሮ ወሰደች። እመት አህያ ደግሞ ወደ ኮባው ቅጠል ሄዳ፣ ተጠርጋ በተቀመጠችው ቢላዋ ፊት አንገቷን ደፋች።

«ጉማጅ ብዬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለት ለብልጭታው ሳይሆን ለሥራው መመረጥ እንዳለበት፣ የሚያውቅበት እጅ ከያዘውም የሌላውን ጥፋት እንኳ ማቃናት እንደሚችል ነው።